ልጆችን ይዞ ጣና ዳር ዓሣ ማጥመድ፦ የክረምት መመሪያ

ትምህርት ቤት ከተዘጋ ጀምሮ የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «ልጆቹን ይዘን ጣና ዳር ዓሣ ማጥመድ አምሮናል። የት እንሂድ? ምን እንግዛ?» አንዱ ዘመድ ሊጠይቅ ከአዲስ አበባ የመጣ ነው። ሌላው እዚሁ ባሕር ዳር ተወልዶ አድጎ አንድም ቀን ክር ጥሎ የማያውቅ። በየስልኩ ከምደጋግመው ይኸው በጽሑፍ።

መመሪያው ለጀማሪ ቤተሰብ ነው። በመንጠቆ፣ ከዳር ሆኖ፣ በጠዋት። መረብም ጀልባም የለበትም። ክረምት ላይ ሐይቁ ይሞላል፣ ወንዞቹ ይደፈርሳሉ፣ ሰማዩም አመሉ አይታወቅም። ስለዚህ ስለ ዓሣው ከማውራቴ እኩል ስለ ልጆቹ ደኅንነት አወራለሁ፣ አትሰልቹ።

የትኛውን ዓሣ ነው የምትይዙት?

ከዳር ሆኖ በመንጠቆ የሚያዘው በአብዛኛው ሦስት ዓይነት ነው። ለይታችሁ ካላወቃችሁ መንጠቆውም ምግቡም ይሳሳትባችኋል።

ቀረሶ፦ ጎኑ ጠፍጠፍ ያለ፣ ቅርፊታም፣ ጀርባው ላይ ረጅም እሾሃማ ክንፍ ያለው ነው። አፉ ትንሽ ነው። ዳር ዳሩን ስለሚውል ለልጆች የሚሆነው እሱ ነው።

አምባዛ፦ ቅርፊት የለውም፣ ያሙለጨልጫል። ጭንቅላቱ ሰፊ ነው፣ አፉ ዙሪያ ስምንት ጢም አለው። ምግቡን በማሽተትና በጢሙ በመዳበስ ስለሚያገኝ ድፍርስ ውሃ አይበግረውም። ጉልበተኛ ነው፤ የአምባዛን ክር ልጅ የማይጠብቅ አዋቂ ይያዘው።

ነጭ ዓሣ፦ ትልልቅ ቅርፊት ያለው፣ ብርማ ነው። ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኙ በርካታ ዝርያዎች አሉት። ክረምት የመራቢያው ጊዜ ስለሆነ አንፈልገውም። ምክንያቱን ደረጃ 9 ላይ ታገኙታላችሁ።

ከመውጣታችሁ በፊት የከተማውን ወይም የወረዳውን የዓሣ ሀብት ባለሙያ ስለ ፈቃድና ስለተከለከሉ ቦታዎች ጠይቁ። የፌዴራሉ የዓሣ አዋጅ ቁጥር 315/1995 በመርዝና በፈንጂ ማስገርን ይከለክላል። የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወቅጦ ውሃ ውስጥ መበተንም መርዝ ነው። «ለአንድ ድስት ብቻ» የሚባል ነገር የለም፤ ጫጩቱንም ትልቁንም አንድ ላይ ይጨርሳል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የናይሎን ክር፦ ለቀረሶ 0.25 ወይም 0.30 ሚሊ ሜትር፣ ለአምባዛ 0.45 ወይም 0.50 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው።
- መንጠቆ፦ ለቀረሶ ቁጥር 8 ወይም 10፣ ለአምባዛ 1/0 ወይም 2/0። ተራ ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል፤ ባለ ዜሮዎቹ ግን ሲጨምሩ ይተልቃሉ። ሱቁ ቁጥሩን ካላወቀው፣ ለቀረሶ የመንጠቆው አፍ ከትንሿ ጣታችሁ ጥፍር አይብለጥ።
- ለእያንዳንዱ ልጅ ከ3 እስከ 4 ሜትር የሚሆን ቀርከሃ ወይም ጠንካራ ሸምበቆ።
- ባዶ የሃይላንድ ፕላስቲክ። የአምባዛው ክር የሚጠቀለለው እሱ ላይ ነው።
- ያረጀ የስፖንጅ ነጠላ ጫማ፣ ለተንሳፋፊ።
- ትንንሽ ዳዶ፣ ለክብደት። እርሳስም ይሠራል፤ ግን መርዛማ ነው፣ ልጆች ደግሞ ያገኙትን አፋቸው ውስጥ ይከታሉ። ዳዶ ይሻላል።
- ፒንሳ፣ መቀስ፣ ስለታም ቢላ።
- ክዳን ያለው ባልዲና ርጥብ ኬሻ። በረዶ ካገኛችሁ በጣም ጥሩ።
- ባዶ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን፣ ክዳኑ የጠበቀ፣ እጀታው ላይ 15 ሜትር ገመድ የታሰረበት። ይህን «ምን ያደርጋል» ብላችሁ እንዳትተዉት።
- ቦቲ ጫማ፣ ኮፍያ፣ የዝናብ ልብስ፣ ቅያሪ ልብስ።
- ሳሙና፣ ንጹሕ ውሃ፣ ፋሻ፣ ፕላስተር፣ ለቆሻሻ ፌስታል።

አሠራሩ

1. ሰዓቱን ምረጡ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት። ከዚያ በፊት አትውጡ፤ ሌሊቱን ሣር ሲግጡ ያደሩ ጉማሬዎች ጎሕ ሲቀድ ነው ወደ ውሃ የሚመለሱት፣ መንገዳቸው ላይ ቆሞ መገኘት አይገባም። ከዚያም በኋላ አትቆዩ። ወደ ቀትር ፀሐዩ ይከራል፣ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስ ይነሣል፣ የክረምት ዝናብና መብረቅም ብዙውን ጊዜ ያኔ ነው የሚመጣው። ለሊቱን ሙሉ የዘነበ ከሆነ አንድ ቀን አሳልፉ፤ ጎርፉ ዳሩን ሲያደፈርሰው ቀረሶ ይሸሻል።

2. ቦታውን በዓይናችሁ መርምሩ። የምትፈልጉት ጠንካራ መሬት ያለው፣ ድንጋያማ ወይም አሸዋማ፣ ውሃው ከግማሽ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ተኩል የሚጠልቅ ጥግ ነው። በአቅራቢያው ደንገል ወይም ሣር ካለ ይመረጣል፤ ቀረሶ እዚያ ይጠለላል። ግን ደንገሉ ላይ ቆማችሁ አይደለም። እንቦጭ የሸፈነውም ቦታ እንዲሁ ነው። ከላይ ሲያዩት ለምለም መስክ ይመስላል፣ ልጅ ሮጦ ይገባበታል፣ ሥሩ ግን ውሃ ነው። ውሃው ላይ አረንጓዴ ቀለም የተደፋ የመሰለ ነገር ከጋገረም ቦታ ቀይሩ።

ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አካባቢ ለቤተሰብ አይሆንም። ክረምት ላይ ወራጁ ጉልበት አለው፣ ጉማሬም የሚዘወተርበት ነው። ከጨረጨራ (ዓባይ መውጫው ላይ ካለው የውሃ መቆጣጠሪያ ግድብ) በታች ያለው ደግሞ ውሃው በበር ስለሚለቀቅ መጠኑ ይቀያየራል። ሣሩ ተደፍጥጦ ሰፊ መንገድ ከሠራና ፋንድያ ተበትኖ ካያችሁ የጉማሬ መውጫ ነው፤ ራቅ በሉ። ከሁሉም የሚበልጠው አስጋሪዎቹን መጠየቅ ነው። «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ጉማሬ ይወጣል?» በሉ። ሰላምታችሁን ካስቀደማችሁ ከጉማሬው አልፈው ቀረሶው የት እንዳለም ይነግሯችኋል።

3. መንጠቆውን እሰሩ። አብዛኛው ዓሣ የሚያመልጠው ቋጠሮው ላይ ነው። ቤት፣ ጠረጴዛ ላይ፣ ሳትቸኩሉ ሥሩት።

ክሩን በመንጠቆው ቀዳዳ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አሹልኩ። ጫፉን በዋናው ክር ዙሪያ 5 ወይም 6 ጊዜ ጠምጥሙ። ከዚያ ጫፉን መልሳችሁ መንጠቆው ቀዳዳ አጠገብ በቀረችው ቀለበት አስገቡ። በምራቅ አርጥቡትና ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ትራፊውን 3 ሚሊ ሜትር አስቀርታችሁ ቁረጡ። ማርጠቡ ለይስሙላ አይደለም፤ ደረቅ ናይሎን ሲሳብ በፍትጊያ ይግልና እዚያው ቋጠሮው ላይ ይደክማል። ሲያልቅ መንጠቆውን በፒንሳ ይዛችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ ሳቡ። ከተፈታ አሁን ይፈታ።

አሁን የመንጠቆውን የውስጥ ምላስ በፒንሳ ጨፍልቁት። ያቺ ወደ ኋላ የተመለሰች ሹል ናት ሥጋ ውስጥ ገብታ አልወጣ የምትለው። ከተጨፈለቀች ከዓሣውም ከልጁ ጣትም በቀላሉ ትወጣለች። ክሩን እስካላላላችሁት ድረስ ዓሣው አያመልጥም።

4. ተንሳፋፊና ክብደት ግጠሙ። ከነጠላ ጫማው ላይ የአውራ ጣት ጫፍ የምታክል ቁራጭ ቁረጡ። ጎኗን በቢላ እስከ መሐሏ ሰንጥቁና ክሩን ስንጥቁ ውስጥ አስገቡት። ክሩን ጠበቅ አድርጋ ትይዛለች፣ ስትገፏት ደግሞ ትንሸራተታለች። ከመንጠቆው 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትሁን። ዳዶውን ከመንጠቆው በላይ 20 ሴንቲ ሜትር ላይ እሰሩ።

ባልዲ ውሃ ውስጥ ሞክሩት። ከተንሳፋፊው ላይ ከውሃ በላይ የሚታየው የጣት ውፍረት ያህል ብቻ መሆን አለበት። ብዙ ከታየ ስፖንጁን ቀነስ አድርጉ፣ ከሰጠመ ዳዶውን አሳንሱ። ቀረሶ ምግቡን በትንሽ አፉ ስብ አድርጎ ነው የሚሞክረው። የሚጎትተው ነገር ከከበደው ወዲያው ይተፋዋል።

ክሩን ቀርከሃው ጫፍ ላይ ብቻ አትሰሩ። ከጫፉ ግማሽ ሜትር ዝቅ ብላችሁ እሰሩና እስከ ጫፉ ጠምጥማችሁ እዚያም ድገሙት። ጫፉ ቢሰበር ዓሣው ከነክሩ አይሄድም። የሚንጠለጠለው ክር ከቀርከሃው ርዝመት አይብለጥ፤ ከረዘመ ልጆቹ እርስ በርስ ይጠላለፋሉ።

የአምባዛው ክር ተንሳፋፊ አይፈልግም። 30 ሜትር ያህል ሃይላንዱ ላይ ጠቅልሉ፣ ከበድ ያለ ዳዶና ትልቁን መንጠቆ እሰሩ። በቃ።

5. ማባበያውን አዘጋጁ። ለቀረሶ ሊጥ ወይም ትል። ሊጡን ከስንዴ ዱቄትና ከጥቂት ውሃ ጠንከር አድርጋችሁ አቡኩትና ትንሽ የተፈለቀቀ ጥጥ አብራችሁ እሹት። ጥጡ ሊጡን ይይዘዋል፤ ያለዚያ ውሃ ሲነካው ይሟሟና ባዶ መንጠቆ ስትጠብቁ ትውላላችሁ። በአተር ፍሬ መጠን አድቦልቡሉትና የመንጠቆውን ጫፍ ብቻ እስኪሸፍን ስኩት።

የመሬት ትል በክረምት ችግር የለም። ጓሮ ፍግ ያለበትን ቦታ ቆፍሩ፣ ከርጥብ አፈሩ ጋር ክዳኑ በተበሳ ቆርቆሮ ያዙት። ትሉን የማውጣቱን ሥራ ለልጆቹ ስጧቸው፤ አንዳንዶቹ ከዓሣው በላይ የሚያስታውሱት ይሄንን ነው። ለአምባዛ የዶሮ አንጀት ወይም ቁራጭ ሥጋ ይሁን። ሽታው ነው የሚጠራው።

6. ልጆቹን አስቀምጡ። ለአንድ ትንሽ ልጅ አንድ አዋቂ። አዋቂው የራሱን ክር አይዝም፣ ስልክም አያይም። ልጆቹ ከውሃው ጠርዝ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ፣ በመካከላቸው አንድ የቀርከሃ ርዝመት ክፍተት ትታችሁ ይቀመጡ። ጀሪካኑ ከነገመዱ ክዳኑ ተዘግቶ መሐል ላይ ይሁን። ልጅ ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ዘላችሁ ከመግባት በፊት ጀሪካኑን ወርውሩለት፤ ይንሳፈፋል፣ ይይዘዋል፣ ትጎትቱታላችሁ። ዋና የማይችል አዋቂ ተከትሎ ከገባ የሚሰጥሙት ሁለት ይሆናሉ።

ታንኳ ላይ ልጅ አታስቀምጡ። ለባለቤቱ የለመደው ነው፣ ለእንግዳ ግን ይገለበጣል።

7. ጣሉና ጠብቁ። ቀርከሃውን በጀርባ አወዛውዞ መወርወር አያስፈልግም፤ ኋላ የቆመ ሰው ዓይን ውስጥ መንጠቆ የሚገባው እንዲያ ነው። ጫፉን ወደ ውሃው ዘርጉና ክሩን ልቀቁት። ቀረሶ ከዳር ሁለትና ሦስት ሜትር ላይ ነው፣ ሩቅ መጣል ትርፍ የለውም። ሊጡ የወደቀበት ቦታ ላይ ጥቂት የረጠበ የዳቦ ፍርፋሪ በትኑ። ጥቂት አልኩ። ካጠገባችሁት መንጠቆውን ምን ብሎ ይነካዋል?

ማውራት ይቻላል። መሮጥና መሬት መርገጥ ግን አይቻልም፤ ንዝረቱ ውሃው ውስጥ ይሰማዋል። ጥላችሁም ውሃው ላይ አይውደቅ።

8. ሲነክስ አንሡ። ትዕግሥት የሚጠይቀው እዚህ ላይ ነው። ተንሳፋፊው መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፣ ዙሪያውን ትናንሽ ክቦች ይሠራል። ይህ መቅመስ ነው፣ አትንኩት። ቀጥሎ አንዴ ወይ ሁለቴ ጠለቅ ብሎ ይመለሳል። ከዚያ ወደ ጎን መሄድ ሲጀምር ወይም ጭልጥ ብሎ ሲጠልቅ ያኔ አንሡ። መንጭቆ ሳይሆን ከክንድ፣ በአንድ ፈጣን ግን ለስላሳ እንቅስቃሴ። ልጆች ገና ሲንቀጠቀጥ ነው የሚስቡት። «እስኪሄድ ጠብቅ» በሏቸው፤ ሦስተኛው ላይ ይገባቸዋል።

አምባዛ ሲሆን ክሩ በጣታችሁ ላይ ይከብድና ይጓዛል። አንድ ሜትር ያህል ልቀቁለት፣ ከዚያ ጠበቅ አድርጋችሁ ሳቡ። ክሩን እጃችሁ ላይ ፈጽሞ አትጠምጥሙ፤ ትልቅ አምባዛ ሲጎትት ናይሎን ሥጋ ይቆርጣል።

ካወጣችሁት በኋላ፦ ቀረሶን በረጠበ እጅ ከጭንቅላቱ ወደ ጅራቱ ዳብሳችሁ ያዙት፤ የጀርባው እሾህ በዚህ አቅጣጫ ይተኛል፣ በተቃራኒው ከሄዳችሁ ይወጋችኋል። አምባዛን በጨርቅ ወይም በኬሻ ያዙ። የሚወጋው ጢሙ አይደለም፣ ጎንና ጎኑ ክንፍ ላይ ያሉት ሁለት ጠንካራ እሾሆች ናቸው። መንጠቆውን በፒንሳ በገባበት መንገድ መልሳችሁ አውጡ። ከዋጠው አትታገሉ፣ ክሩን አፉ ጋ ቁረጡት።

9. የሚለቀቀውንና የሚወሰደውን ለዩ። ነጭ ዓሣ ከያዛችሁ መልሱት። ከሐምሌ ገደማ እስከ ጥቅምት ድረስ ብዙዎቹ ዝርያዎች እንቁላል ለመጣል ከሐይቁ ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይን ወደመሰሉ ወንዞች ይወጣሉ። በዚህ ጊዜ ወንዙ አፍ ላይ ስለሚሰበሰቡ ማንም ያፍሳቸዋል። የዛሬዋ አንዲት እናት ግን የነገ ብዙ ዓሣ ናት። ስለዚህ በክረምት ወንዝ መግቢያ ላይ ጭራሽ አትጥመዱ።

ቀረሶም ከ20 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ይመለስ። እናቲቱ እንቁላሉንም ጫጩቱንም በአፏ ውስጥ ነው የምታሳድገው። አልፎ አልፎ ከውሃ ስትወጣ ከአፏ ቢጫ እንቁላል ወይም ጥቃቅን ጫጩት ይረግፋል። እንዲህ ካያችሁ ለልጆቹ አሳዩና ወዲያው ልቀቋት።

ስትለቁ አትወርውሩ። እጃችሁን አርጥባችሁ ዝቅ ብላችሁ ልቀቁት። ደረቅ እጅ ቆዳው ላይ ያለውን ዝልግልግ መከላከያ ይገፈዋል።

10. የሚበላውን ወዲያው ግደሉና አጽዱ። ጭንቅላቱን ከዓይኑ ከፍ ብሎ በከባድ እንጨት አንዴ ምቱት። ባልዲ ውስጥ ሲፈራገጥ የሚሞት ዓሣ ሥጋው ይበላሻል። አምባዛማ አየር ስለሚተነፍስ ለሰዓታት ይኖራል፤ «ሞቷል» ብላችሁ ፌስታል ውስጥ ስትከቱት መንገድ ላይ ይነቃባችኋል።

ሆዱን ከፍታችሁ አንጀቱን፣ ጉንጩ ሥር ያለውንም ቀይ ስንጥብ አውጡ፤ ቀድሞ የሚገማው እሱ ነው። በርጥብ ኬሻ ጠቅልላችሁ ጥላ ሥር አድርጉት። የቀረሶን ቅርፊት ከጅራት ወደ ጭንቅላት ፋቁ። የአምባዛን ዝልግልግ በአመድ ወይም በጨው አሹት።

ማብሰሉ ቀላል ነው። ቀረሶውን ጎንና ጎኑን ተልትሉት፣ ጨውና ሎሚ፣ ከዚያ በጋለ ዘይት መጥበስ። ከአጥንቱ እስኪላቀቅ ይብሰል። ዓሣ ሆድና ሥጋ ውስጥ ትል ሊኖር ስለሚችል ጥሬውንም ለብለቡንም ለልጅ አትስጡ። እሾሁን እናንተ ልቀሙላቸው። ጉሮሮ ላይ ከተሰካ በእንጀራ ጉርሻ ለመግፋት አትሞክሩ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱ። በፍልሰታ ይበላል አይበላም የሚለውን ለየቤታችሁ ትቼዋለሁ።

ማስጠንቀቂያ

ቢልሃርዝያ፦ ጣና ዳር አለ። ዳር ላይ ካሉ ቀንድ አውጣዎች ወጥቶ በደቂቃዎች ውስጥ በቆዳ ይገባል። ልጆቹ ቦቲ ያድርጉ፣ እግራቸውን ውሃ ውስጥ አይንከሩ። ከተነከሩ ወዲያው በፎጣ ማድረቅ ይረዳል፣ ሙሉ ዋስትና ግን አይደለም። በኋላ የሆድ ቁርጠት ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ካዩ ለሐኪሙ «ጣና ገብቶ ነበር» በሉት።

መብረቅ፦ ብልጭ ካለ በኋላ ቁጠሩ። 30 ሳትደርሱ ነጎድጓዱ ከተሰማ ክሩን ጥላችሁ ሂዱ። መጠለያችሁ ቤት ወይም የተዘጋ መኪና ነው። ዛፍ ሥር አይደለም፣ ባጃጅም አይደለም። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትመለሱ።

መንጠቆ ሰው ላይ ከተሰካ፦ ምላሱ የተጨፈለቀ ከሆነ በገባበት ቀስ ብላችሁ አውጡና በሳሙና እጠቡ። ምላሱ ካለ ወይም ዓይን አካባቢ ከሆነ አትንኩት። ክሩን ቆርጣችሁ ጤና ተቋም ሂዱ፣ ስለ ቴታነስ ክትባትም ጠይቁ።

የተለመዱ ስሕተቶች

- ለቀረሶ ትልቅ መንጠቆ መግዛት። «ትልቅ እንዲይዝ» ይባላል፤ አፉ ስለማይችለው ሊጡን በልቶ ይሄዳል።
- ሊጡን የእንቁላል ያህል ማድረግ። ይበላል፣ መንጠቆው ጋ ሳይደርስ ይጠግባል።
- በየደቂቃው እያወጡ ማየት። 10 ደቂቃ ታገሡ፣ ከዚያ ማባበያውን ቀይሩ።
- ጥልቀቱን ሳይቀይሩ መዋል። 20 ደቂቃ ምንም ካልነካ ተንሳፋፊውን ከፍ ወይም ዝቅ አድርጉት። ቀረሶው እዚያው ሆኖ ምግቡ ከበላዩ ተንጠልጥሎ ሊሆን ይችላል።
- የተቆረጠ ክር መጣል። ወፎች እግራቸው ተተብትቦ ይሞታሉ። ቁራጩን ሁሉ ፌስታል ውስጥ ክተቱ።
- ምንም ሳይያዝ «ትንሽ እንቆይ» እያሉ እስከ ቀትር መጎተት። 4 ሰዓት ሲሆን ጠቅልሉ። ልጆቹ ባዶ እጅ አንገባም ካሉ ከአስጋሪዎቹ የጠዋቱን ዓሣ ግዙ፤ ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ ደማቅ ቀይ የሆነውን። ከደረጃ 10 ሁለተኛው አንቀጽ ትቀጥላላችሁ።